ሁለት ሮቶ፣ ሁለት ዓይነት መኖ፤ አምባዛዎቹ ለምን እኩል አላደጉም?

ጥያቄው፦ «ቀበና የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶዎች ላያቸውን አስቆርጬ በእያንዳንዳቸው 100 የአምባዛ ጫጩት ጨመርኩ። ሲገቡ በአማካይ 10 ግራም ነበሩ። ለመጀመሪያው ከውጭ የገባ ተንሳፋፊ መኖ በኪሎ 260 ብር፣ ለሁለተኛው ‹የዓሣ መኖ፣ ፕሮቲን 38 በመቶ› ተብሎ የሚሸጥ የአገር ውስጥ ድብልቅ በኪሎ 90 ብር እየገዛሁ አራት ወር መገብኳቸው። የድብልቁ ሻጭ ኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ በቆሎና ትንሽ የዓሣ ዱቄት አለበት ብሎኛል። አሁን ስመዝን በመጀመሪያው ሮቶ 96 ቀርተው አማካያቸው 160 ግራም፣ በሁለተኛው 78 ቀርተው 70 ግራም ሆኑ። የመጀመሪያው 21 ኪሎ፣ ሁለተኛው 24 ኪሎ መኖ ወስደዋል። ሞተው ተንሳፍፈው ያገኘሁት አንድ ሁለት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሮቶ ግን ሁለት ዓሣዎች ከ300 ግራም በላይ ናቸው። የመጀመሪያው ሮቶ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ፀሐይ ላይ፣ ሁለተኛው ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ልጆቼ ‹በርካሹ ቀጥይ፣ የውጭው ያከስርሻል› ይሉኛል። ለዐቢይ ጾም ልሸጣቸው አስቤ ነበር። የትኛው መኖ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ በፊት ደስ ያለኝ መመዘንዎ ነው። አራት ኪሎ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጥተው «ዓሣዬ አላድግ አለ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሲገባ ስንት ግራም ነበር፣ ዛሬ ስንት ነው፣ በመካከሉ ስንት ኪሎ መኖ ወጣ ብዬ ስጠይቅ ግን ዝም ይላሉ። እርስዎ ሦስቱንም መዝግበዋል። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በራስዎ ቁጥር እመልስልዎታለሁ።

ከመጀመሪያው ሮቶ እንነሳ። 96 ዓሣ በ160 ግራም ሲባዛ 15.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሲገቡ በጠቅላላ 1 ኪሎ ስለነበሩ የጨመሩት 14.4 ኪሎ ነው። ለዚህ 21 ኪሎ መኖ ወጥቷል፤ አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ መኖ ማለት ነው። በ260 ብር ሲሰላ አንድ ኪሎ ዕድገት 380 ብር ያህል ፈጅቷል። ወደ ሁለተኛው እንለፍ። 78 ዓሣ በ70 ግራም 5.5 ኪሎ አይሞላም፤ መነሻው 1 ኪሎ ሲቀነስ ዕድገቱ 4.5 ኪሎ ገደማ ነው። ለእርሱ 24 ኪሎ መኖ ወጣ። አንድ ኪሎ ዓሣ ከአምስት ኪሎ በላይ መኖ በላ። በ90 ብር ሲሰላ 480 ብር ያልፋል።

ይህን ስሌት ለልጆችዎ ያሳዩአቸው። በኪሎ 90 ብር የተገዛው መኖ፣ በኪሎ 260 ብር ከተገዛው ይልቅ አንድ ኪሎ ዓሣ በ100 ብር አስወድዷል። የመኖ ዋጋ የሚታወቀው ሻጩ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ሳይሆን ዓሣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ልጆችዎ በሱቁ ዋጋ መቁጠራቸው አይፈረድበትም፤ ገንዘቡ ከኪስ የሚወጣው እዚያ ነውና። የዓሣ እርባታ ወጪ አብዛኛው መኖ ስለሆነ ግን፣ ሱቅ ላይ የተቆጠበው ብር ሮቶው ውስጥ ሲቀልጥ ማንም አያየውም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በድብልቁ ላይ ከመጫኔ በፊት አንድ ነገር ማንሳት ግዴታዬ ነው። ሁለቱ ሮቶዎች የሚለያዩት በመኖ ብቻ አይደለም። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አምባዛ ደሙ ከውኃው ጋር የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ እንስሳ ነው፤ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ በግልጽ ይወርዳል፤ የበላውንም በዝግታ ይፈጫል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለቀበና ሰው አልነግርም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ቢያስገቡ፣ ጥላው ሥር ያለው ሮቶ ከግድግዳው አጠገብ ካለው በጥቂት ዲግሪዎች እንደሚያንስ እጠብቃለሁ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የ90 ግራም ልዩነት የመኖውም የጥላውም ሥራ ነው። የመኖን ሥራ ከቦታ ሥራ ለይተው የሚያዩበትን ሙከራ ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ድብልቁ ልግባ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና።

«ፕሮቲን 38 በመቶ» የሚለውን ጽሑፍ እና ሻጩ የነገረዎትን የጥሬ ዕቃ ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኑግ ፋጉሎ እንደ ዘይቱ አጨማመቅ ከ30 እስከ 35 በመቶ ፕሮቲን አለው። ፉርሽካ 16 ገደማ፣ በቆሎ 9 ገደማ ነው። ደህና የዓሣ ዱቄት ደግሞ 60 ይደርሳል። እንግዲህ ለጋስ ሆነን ግማሹ ኑግ ፋጉሎ፣ ሩቡ ፉርሽካ፣ 15 በመቶው በቆሎ፣ 10 በመቶው የዓሣ ዱቄት ነው እንበል። ከኑጉ 16.5፣ ከፉርሽካው 4፣ ከበቆሎው 1.4፣ ከዓሣ ዱቄቱ 6 ያገኛሉ፤ ድምሩ 28 በመቶ ነው። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ንጹሕ ኑግ ፋጉሎ ብቻ ቢሞሉበት እንኳ 38 አይደርስም። ላቦራቶሪ ሳይሄዱ፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ጽሑፉ እውነት ሊሆን እንደማይችል ማወቅ ይቻላል። ለ10 ግራም የአምባዛ ጫጩት የሚያስፈልገው ከ40 እስከ 45 በመቶ ነው፤ ከዚያ ላነሰው ከዚያም በላይ። ዓሣው 100 ግራም ካለፈ በኋላ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይበቃዋል። እርስዎ ያቀረቡለት፣ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው ማለት ነው።

ላቦራቶሪው ራሱ ቢመረምረው እንኳ ሙሉውን እውነት አይነግርዎትም። በተለመደው ምርመራ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፤ ከዚያ በ6.25 ተባዝቶ «ፕሮቲን» ተብሎ ይጻፋል። ዩሪያ የተጨመረበት መኖ በወረቀት ላይ ባለ ከፍተኛ ፕሮቲን ሆኖ ይወጣል፤ ዓሣው ግን ከዩሪያ ሥጋ መሥራት አይችልም። ሐቀኛ የሆነ የኑግ መኖም ቢሆን ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። አሚኖ አሲዶች እንደ ግድግዳ ጡቦች ናቸው፤ አንዱ ዓይነት ካለቀ ሌላው ቢከመርም ግንባታው ይቆማል፣ የተረፈውም ተቃጥሎ አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ (በውኃ መተንፈሻው) ወደ ውኃው ይወጣል። ሁለተኛው ገለባው ነው። ላም ገለባ የሚያላምጥና የሚያብላላ ባለ አራት ክፍል ሆድ አላት። አምባዛ ግን ሥጋ የሚቀናው፣ አንጀቱ አጭር የሆነ ዓሣ ነው፤ ገለባው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ኑግ ፋጉሎ ለሱሉልታ ላሞች ግሩም መኖ መሆኑ ለዓሣ ጥሩ መሆኑን አያረጋግጥም።

ስለ ኑግ ፋጉሎ ሳነሳ አፍላቶክሲንን ማለፍ አልችልም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት ዋናው የዚህ የሻጋታ መርዝ መገኛ ኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ጉበት ያለው ዓሣ ቢበላም አይወፍርም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በክረምት የኑግ ፋጉሎ ጆንያ እርጥብ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጬ፣ ከላይ ደረቅ ስለነበረ ብቻ ተማምኜ ለዓሣዎች ሰጥቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ፍላጎታቸው ጠፋ። አንዱን ስከፍተው ጉበቱ ጠቆር ያለ ቀይ መሆን ሲገባው ገርጥቶ፣ እንደ ሸክላ አፈር ነጣ ብሎ አገኘሁት። ጆንያውን ስገለብጠው ታችኛው አንድ ስንዝር ያህል ተጋግሮ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ከዚያ ወዲህ ጆንያ የሚቀመጠው በእንጨት ርብራብ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም ከታችኛው ጥግ እጄን ሰድጄ አያለሁ። እርስዎም ይህን ያድርጉ።

አሁን አንድ ሙከራ በጠረጴዛዎ ላይ እንዲሠሩ እለምንዎታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይቅዱ። በአንዱ አሥር ፍሬ የውጭውን መኖ፣ በሌላው አሥር ፍሬ ድብልቁን ይጨምሩና ሳይነኩ ይመልከቱ። የውጭው ከላይ ይቀራል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጣትዎ ሲጫኑት ለስልሶ፣ አብጦ ግን ሙሉ ሆኖ ያገኙታል። ድብልቁ ወዲያው ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ ሳይወስድ ከዙሪያው ቡናማ ጭስ የመሰለ ብናኝ መውጣት ይጀምራል፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ፍሬው ፈርሶ ከታች የፉርሽካ ቅርፊትና የኑግ ጥቁር ነጠብጣብ ይደረደራል፣ በቆሎው ውኃውን ያደፈርሳል። ያ የደፈረሰው ውኃ የከፈሉበት መኖ ነው። ከ24ቱ ኪሎ የቱን ያህሉ ዓሣው ሆድ እንደገባ፣ የቱን ያህሉ የሮቶው ወለል ላይ እንደበሰበሰ ማንም አያውቅም። አምስት ኪሎ መኖ ለአንድ ኪሎ ዓሣ የሚያወጣው ስሌት ግን ብዙውን ይናገራል።

ይህን ስል ተንሳፋፊ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ እንዳይመስልዎት። መንሳፈፍ የሚመጣው መኖው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማሽን ሲያልፍ ስታርቹ እንደ ፈንዲሻ ስለሚያብጥ ነው። ርካሽ ጥሬ ዕቃም በዚያ ማሽን ቢያልፍ ይንሳፈፋል። የተንሳፋፊ መኖ ትልቁ ጥቅም ለአርቢው ዓይን ነው፤ ስንቱ እንደተበላ፣ መቼ እንደጠገቡ ያያሉ። አምባዛ ከታችም ከላይም ይበላል፤ በሚገባ የተጋገረና ውኃ ውስጥ የማይፈርስ ሰማጭ መኖ በጥንቃቄ ከተሰጠ ደህና አድርጎ ያሳድጋል። ስለዚህ ሲገዙ «ይንሳፈፋል ወይ?» ብለው አያቁሙ። ጆንያው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ፕሮቲን፣ ሁለተኛው ስብ። ለአምባዛ የተዘጋጀ መኖ ላይ 42 እና 12 የመሰለ ያያሉ። 30 እና 5 የሚል ካዩ ለቆሮሶ (ለቲላፒያ) የታሰበ ነው፤ «የዓሣ መኖ» ተብሎ ለሁሉም ይሸጣል፣ የአምባዛ ጫጩት ግን አይጠግበውም። ስቡ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ዓሣው የሚንቀሳቀስበትን ጉልበት ከስብ ካላገኘ ውዱን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነድደዋል። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ቢጫ ሞራ ይከማቻል፤ ገዢው በኪሎ ከፍሎበት ሲያርደው የሚጥለው ሞራ።

ሌላ የምጠይቅዎት ነገር፣ የውጭውን መኖ በጆንያው ነው ወይስ በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል የሚገዙት? በፌስታል ከሆነ የተመረተበትን ቀን አያውቁም። ዓሣ ቫይታሚን ሲን በራሱ ሰውነት አይሠራም፤ ከመኖው ነው የሚያገኘው፣ ይህ ቫይታሚን ደግሞ በሙቀት፣ በብርሃንና በጊዜ ይጠፋል። የጎደለበት አምባዛ ጀርባው ሊጎብጥ፣ የራስ ቅሉ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንደ አሮጌ ዘይት የሚሸት መኖ ደግሞ ስቡ ተበላሽቷል፤ በግማሽ ዋጋም ቢሰጡዎት አይውሰዱ። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ሆነው አንድ ሙሉ ጆንያ ገዝተው ቢካፈሉ፣ በክዳን በሚዘጋ ባልዲ ጥላ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይሻላል።

አሁን ስለ ጠፉት ዓሣዎች ልናገር። 22 ጎድለዋል፤ ሬሳ ግን አንድ ሁለት ብቻ። ድመትም አሞራም ካልወሰዳቸው፣ የወሰዷቸው እነዚያ ከ300 ግራም በላይ የሆኑት ሁለቱ ናቸው። አምባዛ ሲራብና መጠኑ ሲለያይ ወንድሙን ይበላል። መጀመሪያ ጥቂት ፈጣኖች ይቀድማሉ፣ መኖው ሲያንስ ወደ ጎናቸው ይዞራሉ፣ በበሉት ሥጋ ይበልጥ ያድጋሉ። ሁለቱን አውጥተው ቢመዝኑ የቀሩት አማካይ ከ70 ወደ 64 ግራም ይወርዳል፤ የድብልቁ እውነተኛ ውጤት እርሱ ነው። ሁለቱ ያደጉት በጫጩት ዋጋ በተገዛ ሥጋ ነው። ዛሬውኑ ለብቻቸው ያድርጓቸው። ከእንግዲህ ጫጩት ሲያስገቡ በየሁለት ሳምንቱ በመጠን መለየት አይዘንጉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ላይ ይህን ያላደረገ አርቢ ምንም መኖ ቢገዛ ቁጥሩ ሊጎድልበት ይችላል።

ወደ መጀመሪያው ሮቶ እንመለስ። እርሱም ቢሆን አልተሳካም። ደህና ዝርያ የሆነ አምባዛ 27 ዲግሪ በሚሆን ውኃ፣ በዚህ ዓይነት መኖ፣ ከ10 ግራም ተነስቶ በ6 ወር ገደማ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ መኖ የሚፈጀውም ለአንድ ኪሎ ዕድገት ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ነው። የእርስዎ በአራት ወር 160 ግራም ላይ ቀርቷል። ጥሩ መኖ በቀዝቃዛ ውኃ ማለት ይህ ነው። በ260 ብር የተገዛ መኖ 18 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሙሉ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ የትኛውን መኖ ልግዛ ከሚለው በፊት የምመክርዎት ገንዘብዎን ውኃው ላይ እንዲያወጡ ነው። ሁለተኛውን ሮቶ ከአቮካዶው ሥር ያውጡት። በሁለቱም ላይ እንደ አበባ እርሻዎቹ በእንጨት ቅስት ላይ ግልጽ ላስቲክ ይወጥሩ። ጎናቸውን በገለባና በጆንያ ይጠቅልሉ፣ ማታ ማታ አፋቸውን ይሸፍኑ፤ ዓሣዎቹ አየር ለመሳብ ብቅ ስለሚሉ ግን በክዳኑና በውኃው መካከል ክፍተት ይተዉ። በኤሌክትሪክ ማሞቅን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 2,000 ሊትር ውኃን በ8 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ወደ 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ያልተሸፈነ ሮቶ ደግሞ ያንን ሙቀት ሌሊቱን መልሶ ይበትነዋል። መሸፈን ይቅደም።

የመመገቢያ ሰዓትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አምባዛ በተፈጥሮው የሌሊት በይ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ነው፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞች እየዳሰሰና እያሸተተ በጨለማ ይመገባል። ሞቃት አገር ላይ ማታ መመገብ ዕድገትን ያሻሽላል። እዚህ ግን ውኃው በጣም የሚሞቀው ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ዋናውን መኖ ያን ጊዜ፣ ሁለተኛውን ፀሐይ ስትጠልቅ ይስጡ። የማለዳውን ይተዉት፤ በቀዘቀዘ ሆድ ላይ የሚጫን መኖ ነው። ለመጀመሪያው ሮቶ ውኃው 24 ዲግሪ ሲደርስ በቀን ከክብደታቸው 2 በመቶ፣ ማለትም 300 ግራም ገደማ ይበቃል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካልጨረሱት በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ።

ውኃው ራሱን እንዳይመርዝም ያስቡ። 40 በመቶ ፕሮቲን ያለው አንድ ኪሎ መኖ ሲበላ 37 ግራም ያህል የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ውኃው ይገባል። «አምባዛ ጭቃ ውስጥም ይኖራል» የሚባለው እውነት ነው፤ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ አካል ከአየር ስለሚተነፍስ፣ በዚህ ከፍታ ኦክስጅን ቢያንስ እንኳ አይሞትም። መኖርና ማደግ ግን ለየቅል ናቸው። አሞኒያ የበዛበት ዓሣ መጀመሪያ የሚያቆመው መብላትን ነው። የወለሉን ዝቃጭ በጎማ በየሁለት ቀኑ ይሳቡ፣ የጎደለውን ይሙሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በበርሜል አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ካደረ በኋላ ይጨምሩት፤ ሙቀቱም ከሮቶው ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ የትኛው መኖ? የእኔ ምክር የውጭውንም ደህና የአገር ውስጥ መኖንም በየዕድሜያቸው ነው፤ የአሁኑን ድብልቅ ግን ከነጭራሹ ይተዉት። አንድ ዓሣ ከ10 ግራም ወደ 100 ግራም ለማድረስ በጥሩ መኖ 100 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለመቶ ዓሣ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ከ100 ግራም ወደ 800 ግራም ለመውሰድ ግን ለእያንዳንዱ 800 ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ውዱ መኖ በጥቂቱ የሚያስፈልገው በልጅነታቸው ነው፤ ያኔ ማነስ የጀመረ ዓሣ በኋላ ከእኩዮቹ ጋር መመጣጠን ይከብደዋል። የሁለተኛው ሮቶ ዓሣዎች ገና 64 ግራም ስለሆኑ እስከ መቶ የውጭውን ይስጧቸው። የመጀመሪያዎቹ 100 ግራም ስላለፉ ደህና የአገር ውስጥ መኖ ካገኙ በዐሥር ቀን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀሉ ማሸጋገር ይችላሉ።

ደህና የአገር ውስጥ መኖ ካላገኙ ቤትዎ ሊሠሩት የሚችሉት ይህ ነው። ለ100 ኪሎ፦ 40 ኪሎ በእሳት ያለፈ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ የዓሣ ዱቄት፣ 19 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 10 ኪሎ ከሻጋታ የጸዳ ኑግ ፋጉሎ፣ 4 ኪሎ የምግብ ዘይት፣ 2 ኪሎ የቫይታሚንና የማዕድን ፕሪሚክስ። ፕሮቲኑ 37 በመቶ ገደማ ይመጣል። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው አይጠቀሙበት። የዓሣ ዱቄቱ ከፊሌቶ ከተረፈ ራስና አጥንት የተሠራ ከሆነ አመዱ ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ከጥርስ መካከል እንደ አሸዋ ከተንኮሻኮሸ አጥንቱ በዝቷል። የስንዴውን ዱቄት እንደ ገንፎ አብስለው በእርሱ ያቡኩት፤ እንዳይፈርስ የሚያደርገው እርሱ ነው። ፕሪሚክሱን ከበረደ በኋላ ይጨምሩ። በሥጋ መፍጫ አሳልፈው በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ቫይታሚኑን ይበላዋል። ከዚያ የብርጭቆውን ሙከራ ይድገሙት።

የዶሮ መኖ ቢሰጡስ የሚሉ ብዙ ስለሆኑ በአጭሩ፦ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ 16 ወይም 17 በመቶ ፕሮቲንና ለእንቁላል ቅርፊት የታሰበ ብዙ ኖራ ያለው ነው። ለአምባዛ አይሆንም።

ስለ ዐቢይ ጾም እውነቱን ልንገርዎት። የዓሣ ገበያው በጾሙ እንደሚደራ የታወቀ ነው፤ የ160 ግራም አምባዛ ግን ያኔም ሆቴል አይገዛዎትም። ቅርፊት ስለሌለው አንበላም የሚሉም ስላሉ፣ ከአሁኑ ፊሌቶ የሚቀበሉ ምግብ ቤቶችን ያነጋግሩ፤ ስንት ግራም ሲሆን እንደሚወስዱ በቁርጥ ይጠይቋቸው። ውኃው ከሞቀ ጾሙን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ያለውን ወራት ያስቡ።

በመጨረሻም ቃል የገባሁልዎት ሙከራ። ሁለቱንም ሮቶ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ያድርጉ፣ በአንድ ዓይነት ላስቲክ ይሸፍኑ። 160 ግራም አካባቢ ያሉትን 96 ዓሣዎች በመጠን ለይተው በሁለቱ ሮቶዎች 48 በ48 ያካፍሏቸው፤ ትንንሾቹን 76 ለጊዜው በሌላ በርሜል ወይም በሸራ ገንዳ ያቆዩ። ለአንዱ የውጭውን፣ ለሌላው ቤት የሠሩትን እኩል በግራም መዝነው ይስጡ። በየሁለት ሳምንቱ ሚዛኑ ላይ ባልዲ ከነውኃው አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት፣ ከእያንዳንዱ ሮቶ 20 ዓሣ አንድ በአንድ በመረብ ጨምረው ጠቅላላውን ለ20 ያካፍሉ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የየቡድኑን መኖ ሳይቀይሩ ዓሣዎቹን ከአንዱ ሮቶ ወደ ሌላው ያቀያይሩ፤ ቦታው የሚያመጣው ልዩነት ካለ ይታያል። ማለዳ 12 ሰዓት እና ከቀኑ 10 ሰዓት ያለውን የውኃ ሙቀት በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ይዘው ይምጡ፣ ወይም ገጹን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።